ከ“ደህና ነኝ” ባሻገር

ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የተመለሰን የካንሰር ሕመምተኛ በስልክ እንዴት እንደግፍ?

እስቲ ለጥቂት ደቂቃ አብረን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ቁይ እንሂድ። በዚያች ከተማ የምትኖር አንዲት እህት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ስም አልሰጠናትም፤ በየአጥቢያችን ስላለች ስሟን እናንተው ትጨምሩበታላችሁ። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የምትገኝ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ናት። ጡቷ ላይ የዳሰሰችውን እብጠት ለወራት ከሰው ደብቃ ቆየች። በኋላ ደብረ ማርቆስ ታየች፤ ከዚያም ዓባይን ተሻግራ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አሁን በየሦስት ሳምንቱ ኬሞቴራፒ ትወስዳለች። በመካከሉ ያሉትን ቀናት የምታሳልፈው ግን በቤቷ ነው።

የተመለሰች ሰሞን ቤቷ በሰው ተሞላ። የሴቶች ኅብረት መጥቶ ዘመረ፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩ፤ ጎረቤት እንጀራና ወጥ በሰፌድ ይዞ ገባ። ስልኳም ዕረፍት አላገኘም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቤቱ ጸጥ አለ። የእርሻ ወቅት ነው፤ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ።

ሁለተኛውን ዙር መድኃኒት በወሰደች በዐሥረኛው ቀን ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚያ ቀን ሦስት ሰዎች ደወሉላት። ጠዋት የጸሎት ቡድኑ መሪ፣ ቀትር ላይ አዲስ አበባ ያለች እህቷ፣ ማታ ደግሞ የአጥቢያው ወንጌላዊ።

“እህቴ፣ እንዴት ነሽ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።”

“ልጆቹስ?”

“ይመስገን፣ ደህና ናቸው። እናንተስ?”

ሦስቱም በቅን ልብ ደወሉ። ሦስቱም ጸልየው፣ የሰሙትንም አምነው ስልኩን ዘጉ። እኩለ ሌሊት ገደማ ባለቤቷ ግንባሯን ሲዳስስ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር።

ወገኖች፣ ይህ ቀን ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ቀን ነው። ኬሞቴራፒ የካንሰሩን ሕዋሳት ሲያጠቃ ሰውነት ከተሕዋስያን የሚከላከልባቸውን ነጭ የደም ሕዋሳትም ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ በጣም የሚቀንሱት ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀናት ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት የሚመጣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት እንደ ተራ ጉንፋን አይታይም። እስኪነጋ የማይጠበቅለት፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ምልክት ነው። ሦስት ሰዎች ደውለው ስለ ትኩሳት የጠየቀ አንድም አልነበረም። ስልክ ነበረ፤ ፍቅር ነበረ፤ የጎደለው ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

ለምን “ደህና ነኝ” እንላለን?

ሰላምታችን ውብ ነው። “እንዴት አደራችሁ?” ሲባል መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ያመመውም፣ ያዘነውም፣ የተራበውም በመጀመሪያ “ይመስገን” ይላል። ይህ ውሸት አይደለም፤ አምላክን ማክበርና የጠያቂን ልብ አለማስጨነቅ ነው። በአካል ስንገናኝ ችግር የለውም፤ አፍ “ደህና” ቢልም ዓይን የገረጣውን ፊት፣ ያበጠውን ክንድ፣ ሳይነካ የቀረውን ትሪ ያያል። በስልክ ግን ዓይን የለንም። የያዝነው ድምፅን ብቻ ነው፤ ድምፅ ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ሊጠነክር ይችላል።

በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ሕመምተኞች “አመመኝ ካልኩ እምነት የለሽም እባላለሁ” ብለው ይፈራሉ። ቤተ ክርስቲያን ተሰብስባ ስለ ፈውሷ የጸለየችላት እህት በሳምንቱ “ሌሊቱን ሙሉ ሕመሙ አላስተኛኝም” ማለት የተጸለየላትን ጸሎት መካድ ይመስላታል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ ያለ ሸክም በማንም ላይ አልጫነም። ከመዝሙረ ዳዊት ብዙው የሕመምና የእንባ ጸሎት ነው። ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ ለቆሮንቶስ ሰዎች አልደበቀም (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ የነፍሱን ኀዘን ለሦስት ወዳጆቹ ነገራቸው (ማቴ. 26፥37-38)። እርሱ ለወዳጆቹ ከተናገረ፣ የታመመች እህታችን ለእኛ ብትናገር ምን ነውር አለው? እንግዲያው የሚደውል ሰው የመጀመሪያ ሥራው በሩን መክፈት ነው፦ “እህቴ፣ ዛሬ ‘ደህና ነኝ’ እንድትዪኝ አልደወልኩም። እውነቱን ንገሪኝ፤ እውነቱን ይዘን እንጸልያለን።”

ሕክምናው በቤት ይቀጥላል

በአገራችን በየዓመቱ ከ75 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ በካንሰር እንደሚያዙ ይገመታል። በሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። የጨረር ሕክምና ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሃያ ዓመታት በላይ በመላ አገሪቱ ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ ሕክምናው እየሰፋ ነው፤ በክልላችንም እንደ ጎንደርና ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ያም ሆኖ ከአንድ የደጋ ወረዳ ለሚነሳ ሕመምተኛ መንገዱ ረጅም ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ስለዚህ የካንሰር ሕክምና አብዛኛው ዕድሜ የሚያልፈው በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይሆን በቤት ነው። ማቅለሽለሹ፣ ሕመሙ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ፣ የቀጠሮ ቀን ጭንቀቱ ሁሉ የሚታየው ቤት ውስጥ ነው። ይህን የተረዱ ወገኖች በአገራችን ቀድመው ተነሥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹ ሕመምተኛውን በቤቱ እየጎበኙ ሕመም የማስታገስ አገልግሎት ይሰጣል። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ደግሞ የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ ኀዘናቸውን ወደ አገልግሎት ለውጠው እ.ኤ.አ. በ2004 ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ሕመምተኞችም በማኅበሩ ማረፊያ አግኝተዋል። ነገር ግን የእነዚህ ወገኖች እግር በየገጠሩ ሊደርስ አይችልም። ቁይ ላይ ያለው እግር የእናንተው የአጥቢያው አባላት ነው። እግር ያልደረሰበት ቀን ደግሞ ስልክ ይደርሳል።

ድምፅ ብቻውን ምን ይሠራል?

“ስልክ ካንሰር ይፈውሳል እንዴ?” የሚል ቢኖር መልሱ “አይፈውስም” ነው። ሆኖም በኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የተደረገ አንድ ጥናት እንመልከት። ካንሰራቸው የተሰራጨባቸውና ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 766 ሰዎች ተካፍለውበታል። የአንደኛው ወገን ሕሙማን የሚሰማቸውን ሁሉ በኮምፒዩተር አማካይነት በየጊዜው ያሳውቁ ነበር፤ ምልክቱ ሲከፋ ለነርሷ ማስጠንቀቂያ ይደርሳት ነበር። ሌሎቹ በተለመደው መንገድ ቀጠሯቸውን ጠብቀው ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። ስሜታቸውን ያሳወቁት ሕሙማን የቆዩበት መካከለኛ ዕድሜ 31 ወር ሲሆን፣ የሌሎቹ 26 ወር ነበር። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተጨመረው በጊዜው የሚጠይቅና በጊዜው የሚሰማ ሰው ነው። ችግሩ ሳይከፋ ስለሚታረም ሕሙማኑ ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ረዘም ላለ ጊዜ መቀጠል ችለዋል።

“ያ የአሜሪካ ነው” እንዳትሉ፣ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ እንምጣ። በዚያ በስምንት ሆስፒታሎች የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ያካተተ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ሴቶቹ በየቀኑ የሚዋጥ ታሞክሲፈን የተባለ ኪኒን የታዘዘላቸው ናቸው። በአንዳንዶቹ ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርሶች ሕሙማኑን አስተማሩ፣ መከሩ፣ በስልክም እየደወሉ አስታወሱ። እነዚህ ሴቶች የስልክ ክትትል ካልነበራቸው ይልቅ ኪኒናቸውን በትክክል መውሰዱን ቀጠሉ። የእኛው አገር ነርሶች፣ የእኛው አገር ኔትወርክ፣ ተራ ስልክ!

ይህ ልምድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኤች አይ ቪ ምክንያት አንገቱን የደፋ ብዙ ወገን “ወገን” በተሰኘው የ952 ነጻ የስልክ መሥመር ፊቱን ሳያሳይ ምክር ያገኝ ነበር። ለሰው ፊት የማይነገር ነገር ለስልክ ሲነገር ያኔ አይተናል።

አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት፣ የታወቁ ጥያቄዎች

ታዲያ አንድ አጥቢያ ምን ያድርግ? ሠላሳ ሰው በአንድ ሳምንት ደውሎ ከሚጠፋ፣ አንድ ሰው ለስድስት ወር በቀጠሮ ቢደውል ይበልጣል። ሕመምተኛዋ ራሷ የምታምነውን ሰው ትምረጥ፤ ለሴት ሴት ብትሆን ይመረጣል። ሌላ አንድ ሰው ተተኪ ይሁን። ቀኑና ሰዓቱ ይታወቅ፤ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት። ከኬሞቴራፒ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት ግን በየቀኑ ይደወል። ወጪው በሕመምተኛዋ ላይ አይውደቅ፤ የአየር ሰዓቱን አጥቢያው ይሙላ።

ደዋይዋ ደብተር ትያዝ። ጥያቄዎቿም እነዚህ ይሁኑ፦

1. “ትኩሳት አለሽ? ስንት ዲግሪ ነው?” አጥቢያው አንድ የሙቀት መለኪያ ገዝቶ በቤቷ ቢያስቀምጥ ትልቅ ስጦታ ነው። 38ና ከዚያ በላይ ከሆነ ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሆስፒታል። ትኩሳቱን በማስታገሻ ኪኒን አብርዶ ማደር አደገኛ ነው።

2. “ትናንት ምን በላሽ? ምን ያህልስ ጠጣሽ?” “ትበያለሽ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ “አዎን” ነው። ማስመለሱ አላቆም ብሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ካልቆየላት ሐኪም ጋ መሄድ አለባት።

3. “ሕመምሽ ስንት ጣት ነው?” በአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። የተጨበጠ እጅ ማለት ሕመም የለም፤ አምስቱም ጣት ከተዘረጉ የመጨረሻው ከባድ ሕመም ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንኳ “ሦስት ጣት” ብለው በስልክ ሊመልሱ ይችላሉ። ባለፈው ሁለት የነበረው ዛሬ አራት ከሆነ፣ ማስታገሻው እንዲስተካከል ለሐኪም ይነገር። ሐኪም ሞርፊን ካዘዘ “ሱስ ይሆንብኛል” ብላ እንዳትተወው አጽናኗት፤ ባዘዘው መጠንና ሰዓት ትውሰድ። የሆድ ድርቀት ማምጣቱ የታወቀ ስለሆነ እርሱንም ጠይቁ።

4. “ኪኒኑን ዛሬ ወስደሻል? ስንት ቀርቶሻል?” ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ መድኃኒት ቤቱ አስቀድሞ ተደውሎ መኖሩ ይጣራ። መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ “አልቋል” ከመባል የአንድ ደቂቃ ስልክ ይሻላል።

5. “አዲስ ነገር አለ?” የማይቆም ደም መፍሰስ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ የአእምሮ መዘባረቅ፣ ድንገት የእግር መዛል ወይም ሽንት አልወጣ ማለት፣ ሁሉም አስቸኳይ ናቸው።

6. “ሌሊት ምን እያሰብሽ ነው የምትነቂው?” ይህን ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። የኢዮብ ወዳጆች ከየስፍራቸው መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት ዝም ብለው የተቀመጡበት ጊዜ ከንግግራቸው ሁሉ የተሻለው ነበር (ኢዮብ 2፥11-13)። በስልክም ዝም ማለት ይቻላል፤ “አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው” ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ ደዋይዋ ሐኪም አይደለችም። መድኃኒት አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ የሰማችውን ቅጠል አትመክርም። ሥራዋ መጠየቅ፣ መጻፍና ለሚመለከተው ማድረስ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛዋ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ ቤተሰቧ አራት ነገር ጠይቆ ይጻፍ፤ የበሽታውና የመድኃኒቱ ስም፣ የሚያሳስቡት ምልክቶች፣ ቀጣዩ ቀጠሮ፣ ችግር ሲመጣ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር። የተሰጣትን የሕክምና ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ሌሊት ወደ ሌላ ሆስፒታል ብትወሰድ ተረኛው ሐኪም ከየት መጀመር እንዳለበት ያሳየዋል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የምታስታውሱት ነው። ስለዚህ ክትትሉን በቴሌግራም ላይ ብቻ አትመሥርቱ። ተራ ስልክና አጭር መልእክት ይሻላሉ። ሕመምተኛዋ መናገር ሲያቅታት የምትሰጠው ምልክትም ተስማሙ፤ አንድ ሚስኮል “ዛሬ ደህና ነኝ”፣ ሁለት ሚስኮል “ደውሉልኝ”፣ ሦስት ሚስኮል “ሰው ይምጣ” ሊሆን ይችላል። በቀጠሮው ሰዓት ስልኩ ካልተነሣ ደግሞ በአቅራቢያዋ ያለ ሰው በእግሩ ሄዶ ይያት። ርቀው የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶችም የመጓጓዣ ወጪዋን ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው በቴሌብር መላክ ይችላሉ።

ኪኒኑን ማን አስጣላት?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ታሞክሲፈን ቢያንስ ለአምስት ዓመት በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። እህታችን ቀዶ ሕክምናውን አልፋለች፤ ኬሞቴራፒው አልቋል፤ ጸጉሯ በቅሏል፤ ፊቷ መልሷል። በጉባኤ ፊት ቆማ መሰከረች፤ ሁላችን እልል አልን። በማግስቱ አንድ ወንድም ደውሎ “እህቴ፣ ከተፈወስሽ ኪኒኑ ምን ያደርግልሻል? መዋጥሽ አለማመን ነው” አላት። ኪኒኑን ተወችው። እንዲህ ያለ አንድ የስልክ ጥሪ የዓመታትን ሕክምና ሊያፈርስ ይችላል።

ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ እናምናለን። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ከእግዚአብሔር የዐሥራ አምስት ዓመት ተስፋ ይዞ ሲመጣ፣ በዚያው አፍ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳ. 38፥5፣ 21)። ተስፋውና መድኃኒቱ በአንድ ቤት ገቡ፤ አልተጣሉም። ጳውሎስ ከባለ መድኃኒቱ ከሉቃስ ጋር ተጓዘ፤ ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱ ሕመም ምክር ጻፈለት (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። እግዚአብሔር ፈውሶ ከሆነ ሐኪሙ መርምሮ ይመሰክራል፤ የሚያስቆመውም እርሱ ነው። ወንድሞች፣ መድኃኒት አስጥሎ ስልክ የዘጋ ሰው በሽታው ሲመለስ አብሯት አይታመምም። በስልክ ሌላ ነገር ሁሉ ንገሯት፤ “መድኃኒትሽን ጣዪ” የሚለውን ግን ከአፋችሁ አታውጡ።

ለባልና ለሚስት

ሕክምናው አዲስ አበባ በሆነ ጊዜ ብዙ ባለትዳሮች ለሳምንታት ይለያያሉ። ባል ልጆቹንና ከብቱን ይዞ ይቀራል፤ ሚስት በዘመድ ቤት ወይም በማረፊያ ትሰነብታለች። በዚያ ጊዜ የሚደረጉት ጥሪዎች “ብር ደረሰሽ?”፣ “ላሟ ወለደች?” ብቻ እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ። ወንድሜ፣ ሚስትህ ጡቷን ወይም ጸጉሯን አጥታ ስትመለስ የምትፈራው አንተ እንዴት እንደምታያት ነው። ገና ሳትሳፈር በስልክ የምትላት አንድ ቃል፣ “ቤትሽ ይጠብቅሻል፣ እኔም እጠብቅሻለሁ” የሚለው፣ ከመንገዱ ሁሉ ድካም ያሳርፋታል። ቤት ከገባች በኋላም ሐኪሙ የመከራትን ጠይቅ፤ ቀዶ ሕክምና በተደረገበት በኩል ያለው ክንዷ ከባድ ጀሪካን የሚሸከምበት ጊዜ አይደለም። ውሃውን አንተ ወይም ልጆቹ ቅዱ።

እህቴ፣ አንቺም ባልሽን “አይችለውም” ብለሽ ሕመምሽን አትደብቂው። ሁለታችሁ እርስ በርሳችሁ ስትደባበቁ ሁለት ብቸኛ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ታድራላችሁ።

ለደዋዮችም አንድ አደራ አለን። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት አስታማሚውን አገናኙኝ በሉ። “አንተስ ተኝተሃል? እህል ቀምሰሃል?” ተብሎ የተጠየቀ ባል ጥቂት ነው። አስታማሚው ከወደቀ ሕመምተኛዋን የሚያነሣት የለም።

ስልክ የማይገባበት ቦታ

ስልክ ድንበር አለው። በባህላችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በአካል ተሄዶ ይነገራል። ይህ የአባቶች ጥበብ ለሌላም ነገር ይሠራል። “ካንሰር ነው” የሚለው ቃልም ሆነ “ከእንግዲህ ሕክምናው አይጠቅምም” የሚለው በስልክ የሚወረወር አይደለም። ባለ ጉዳይዋ ሳትሰማም ለዘመድ ሁሉ አይነዛም።

የሕመምተኛ ምስጢርም ምስጢር ነው። “የጸሎት ርዕስ” ብለን የእህታችንን በሽታ፣ ከዚያም አልፎ በአልጋ ላይ ያለችበትን ፎቶግራፍ በቡድን መልእክት ስንበትን፣ እርሷ ሳታውቅ የከተማው መነጋገሪያ እናደርጋታለን። “ይህን ለማን ልንገር? ምን ያህሉን ልንገር?” ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቋት። ስትደውሉም “ላውድ ላይ ነው? አጠገብሽ ሰው አለ?” በሉ። በቁይም ሆነ በሌሎች የጎጃም ከተሞች የብዙዎቻችን ወላጆችና ጎረቤቶች ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። ውሃ የሚቀዱላት፣ ልጆቿን የሚያበሉላት፣ ሌሊት ባጃጅ የሚያስነሡላት እነርሱ ናቸው። ስልካችን በቤቱ ውስጥ የክርክር ምክንያት አይሁን። ጸሎታችን አጭርና ሰላም ያለው ይሁን፤ ለጎረቤቶቿም ምስጋናችንን አድርሱልን እንበል።

ሐዋርያው ዮሐንስ በዘመኑ የነበረውን መገናኛ፣ ወረቀትና ቀለምን ተጠቅሟል። ይሁንና ብዙ የሚጽፈው እያለው ፊት ለፊት ሊያያቸው ተስፋ እንደሚያደርግ ገለጠ (2ኛ ዮሐ. 12)። ደብዳቤው ጉብኝቱን አልተካም፤ መንገድ ጠረገለት። የእኛም ስልክ እንዲሁ ነው። በሁለት ጉብኝት መካከል ያለውን ረጅም ሌሊት ያሳጥራል እንጂ ጉብኝቱን አያስቀርም። በተለይ ሕክምናው አልረዳ ብሎ የመጨረሻው ጊዜ ሲቀርብ እጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሩቅ አገር ያሉ ልጆች ድምፅ ግን በዚያ ሰዓትም ውድ ነው። ስልኩን ከጆሮዋ አጠገብ አድርጉላት፤ መልስ ባትሰጥም ልጆቿ “እማዬ፣ እንወድሻለን” ይበሏት።

ወደ ቁይ እንመለስ

ያቺን ዐሥረኛ ቀን እንደገና እንያት። አሁን አጥቢያው አንዲት እህት መድቧል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ በቀጠሮዋ ደወለች።

“እህቴ፣ እንዴት ነሽ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።”

“ይመስገን። መለኪያውን ብብትሽ ሥር አድርጊው፤ እጠብቃለሁ።”

ጥቂት ጸጥታ ሆነ።

“ሠላሳ ስምንት ከስድስት ይላል።”

“ባለቤትሽን አገናኚኝ። ወረቀቶችሽን ይያዝ፤ ባጃጁን እኛ እንልካለን። እስክትደርሱ ስልኬ ክፍት ነው።”

በዚያ ምሽት የተጸለየው ጸሎት ከቀደሙት ጸሎቶች አጭር ነበር። ሕመምተኛዋ ግን ከመምሸቱ በፊት በሐኪም ፊት ነበረች። የደዋይዋ ስልክም እኩለ ሌሊት አልፎ ባልየው “ገብተናል፣ መድኃኒት ተጀምሮላታል” እስኪል ድረስ ክፍት ነበር።

በዚህ ሳምንት ከሆስፒታል የተመለሰ ወገን በአጥቢያችሁ አለ? እንግዲያው ስልካችሁን አንሡ። “እንዴት ነህ?” ብላችሁ ጀምሩ፤ “ደህና ነኝ” ሲላችሁ ግን አትዝጉ።

ለባለትዳሮችና ለቤት ለቤት ኅብረት መወያያ

1. ከመካከላችን ሕመሙን “ደህና ነኝ” በሚል ቃል የሚሸፍን ማን ነው? እኛስ እንድንሸፍን የሚያደርገን ምንድን ነው?
2. በአጥቢያችን ለሚታመም ሰው በቀጠሮ የሚደውል ማን ይሁን? የአየር ሰዓቱንና የሙቀት መለኪያውን ማን ይግዛ?
3. ባልና ሚስት፦ አንዳችን ብንታመም ለማን ይነገር፣ ለማንስ አይነገር? ዛሬ ጤነኞች ሳለን እንነጋገርበት።
4. የፈውስ ጸሎታችንና የሐኪም ትእዛዝ በቤታችን አብረው የሚሄዱት እንዴት ነው?